ሸማኔዎቹ ዝም ያሉበት ከሰዓት

ሽሮ ሜዳ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ካላችሁ እኔ ልንገራችሁ። ጥምቀት ሊደርስ ሲል እኛ ሰፈር ሸማኔ ቤት ገብታችሁ «እባካችሁ ትንሽ ሥራ አቁሙልኝ» ብትሉ፣ ጤንነታችሁን ነው የሚጠራጠሩት። አገር ምድሩ ነጭ ለብሶ ለመውጣት የሚጣደፍበት ሰሞን ነው። ነጋዴው ደጅ ላይ ቆሞ «ደረሰልኝ? ደረሰልኝ?» ይላል፤ ሸማኔው ምሳውን እንኳን እዚያው ተቀምጦ ነው የሚጎርሰው። ይህን አስቀድሜ የነገርኳችሁ አባቴ በዚያ ሰሞን ለእኔ ያደረገው ነገር እንዲገባችሁ ብዬ ነው። ወሬ ታስረዝማለች ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፤ እናንተም ቻሉኝ።

ስሜ ታደለች ነው፤ ቤት ውስጥ ታዱ ይሉኛል። ቤታችን ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። ከፊት በኩል እኛ እንኖራለን፤ ከጓሮ ባለው ረጅም ክፍል ደግሞ አባቴና ሦስት የአገሩ ልጆች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው ቀኑን ሙሉ ይሸምናሉ። ከሦስቱ የማስተዋውቃችሁ ጋሽ ጩፋን ብቻ ነው፤ የሁለቱ አፍ እምብዛም አይከፈትም። ግድ የለም፣ ጋሽ ጩፋ የሁሉንም ድርሻ ያወሩላቸዋል።

እኔ ያኔ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ያጣሁ ልጅ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር እዚያው ክፍል ጥግ ተቀምጠን ክር እናጠነጥናለን፣ ተሸምኖ የወረደውን ነጠላ ጫፉን እንቋጫለን። ሽመና እጅና እግር ይይዛል እንጂ ጆሮ ነፃ ነው፤ ስለዚህ የሸማኔ ቤት ያለ ሬዲዮ አይሆንም። የእኛ ሬዲዮ የተበላሸ ሰሞን ጋሽ ጩፋ «ታዱ፣ እስቲ ያንን የያዝሽውን መጽሐፍ ጮክ በይበት፤ ይሄ ዝምታ ሊገድለን ነው» አሉኝ። ጮክ አልኩበት። በማግስቱም ቀጥይ ተባልኩ። ሬዲዮው ተጠግኖ ሲመጣ የሚከፍተው ሰው አጣ። ጋሽ ጩፋማ ከገጸ ባሕርያቱ ጋር ይጣሉ ነበር፤ «አንተ ከንቱ፣ ሚስትህን አምናት እንጂ!» ብለው ክር የሚያሳልፉበትን መወርወሪያቸውን ይዘው ይጮሃሉ፤ እናቴ ሳቋን መቆጣጠር ያቅታታል።

እንግዲህ እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው የምፈልገውን ያወቅኩት። መጽሐፍ መተረክ! ሰው ታክሲ ውስጥ ሆኖ፣ ሽንኩርት እየላጠ፣ ታሞ ተኝቶ በእኔ ድምፅ ታሪክ እንዲሰማ ፈለግኩ። ሬዲዮ ጣቢያ ሄድኩ፤ የጥበቃውን በር እንኳን አላለፍኩም። ድምፄን ቀድቼ ላክሁ፤ መልስ የለም። ደግሜ ላክሁ፤ «እንደውልልሻለን» አሉኝ፤ እስከ ዛሬም አልደወሉም። አንዱማ «እህት፣ ድምፅሽ ሰፈር ሰፈር ይላል» ብሎ ሳቀብኝ። ያን ዕለት አልቅሼ አድሬ በማግስቱ ሌላ ቦታ ላክሁ። ምን ላድርግ? ሌላ የሚያስደስተኝ ነገር ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

አባቴ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ቁጡም አይደለም። ብቻ ይህን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ፊቱ ይከፋል። «ታዱዬ፣ እነሱ ከነሱ መሃል ነው የሚወስዱት። ሰው በር ላይ ሲያንጓጥጥሽ እኔ አልወድም» ይለኛል። ከዚያ ወደ ክሩ ይመለሳል።

በመጨረሻ አንድ መጻሕፍትን በድምፅ የሚያዘጋጅ አዲስ ስቱዲዮ ተራኪ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ማመልከቻ ላክሁ፤ ለሙከራ ጥቂት ገጾች ልከውልኝ «በስልክሽም ቢሆን ቅጂው» አሉኝ። ታሪኩ ጡረታ ስለወጣ የባቡር ጣቢያ ዘበኛ ነው። ባቡሩ መምጣት ካቆመ ዘመን አልፎታል፤ ሰውዬው ግን ጠዋት ጠዋት እየሄደ ጣቢያውን ይጠርጋል። አንድ ቀን ልጁ መጥቶ ይቆጣዋል፤ የሚመላለሱትን ነው የማነበው።

የት ላንብበው? የማነበው ሁልጊዜ እዚያው ክፍል ነው፤ ጥጌ ላይ ተቀምጬ ቀዳሁት። ከዚያ ስልኩን ከፍ አድርጌ ለሁሉም አሰማኋቸው። እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ጋሽ ጩፋ «እንከን አይወጣለትም! እንከን ያወጣ እኔን ያናግረኝ!» አሉ። ሁለቱ ዝምተኞች እንኳን ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ዓይኑን ከጥለቱ ባያነሳም ሲሰማ አይቼዋለሁ። ላክሁት።

በማግስቱ፣ ከምሳ በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሜሮን የምትባል የስቱዲዮው አዘጋጅ ናት።

«ታደለች፣ ድምፅሽን በጣም ወደነዋል» አለችኝ። «ግን ከኋላ የሚንኳኳው ምንድን ነው? ቤት እያሠራችሁ ነው?»

«የሚንኳኳ? ኧረ ምንም የሚንኳኳ ነገር የለም» አልኳት፤ በማርያም ስም እምላለሁ፣ ከልቤ ነው።

«እሺ፣ ስሚው» ብላ ከፈተችልኝ። የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ሌላ ምንም አልሰማሁም።

«አልሰማሽም? ጧ... ጧ... ጧ... የሚለው?»

ያኔ ነው የገባኝ። ቀና ብዬ ክፍሉን አየሁ። አራቱም ሰዎች ክሩን የሚመታውን እንጨት ወደ ሆዳቸው እየሳቡ ጧ ያደርጋሉ፣ መወርወሪያውን ይወረውራሉ፣ ጧ ያደርጋሉ። ክው ብዬ ቀረሁ። ሰዎች፣ እኔ እኮ ይህን ድምፅ የማልሰማ ሰው ነኝ! በእናቴ ሆድ ውስጥ እያለሁ የጀመረ ነገር ነው፤ ጆሮዬ ከነመኖሩም ረስቶታል። ትናንት ቁጭ ብለው ካደመጡት መሃል አንድ ሰው እንኳን «ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አላለም።

«ሜሮንዬ፣ ደግሜ ልላክልሽ?» አልኳት።

«ዛሬ ከሥራ መውጫችን በፊት ነው የምንወስነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካደረስሽልኝ አቀርብልሻለሁ። ከዚያ ካለፈ ግን እኔም ምንም ማድረግ አልችልም፤ በቃ፣ ሌላ ሰው እንይዛለን።»

ስልኩን ዘጋሁና ጋሽ ጩፋን ቅጂውን አሰማኋቸው። «ጋሼ፣ ምን ይሰማዎታል?»

«ያንቺ ድምፅ ነዋ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን አለ? አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ?»

ለአባቴ አልነገርኩትም። የዚያ ሰሞን ሥራ ይታያችኋል፤ ማታ አንዲት ነጋዴ የሙሽራ ቀሚስ ልትወስድ ትመጣለች፤ ጥለቱ ገና አላለቀም። አቁሙልኝ የምልበት አንጀት ከየት ይምጣ? ነጠላዬን አጣፍቼ ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ከክፍሉ ስወጣ አባቴ ቀና ብሎ እያየኝ ነበር።

ፀጥ ያለ ቦታ ስል መጀመሪያ የታየኝ እንጦጦ ነው። ዳገቱን እያለከለክሁ ወጣሁና ከመንገዱ ወጣ ብዬ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ትንፋሼ እስኪመለስ ጠብቄ ጀመርኩ። ልጁ አባቱን የሚቆጣበት ቦታ ስደርስ ስሜቱ ያዘኝና «ማንም አይመጣም! ገባህ? ማንም አይመጣም!» ብዬ ጮኽሁ። ለካ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በአጠገቤ እያለፉ ኖሯል። አንዷ ቆም ብላ ከነሸክሟ ወደ እኔ ዞረች።

«የኔ ልጅ፣ ካልመጣ ይቅር! ወንድ ጠፍቶ ነው?»

ሌላዋ «አታልቅሺለት፣ ይደርስበታል!» አለች። በዚህ መሃል ንፋሱ ተነሳ። መልሼ ሳዳምጠው የእኔ ድምፅ የለም፤ ሽው... ሽው... እያለ ዛፉ ነው የሚተርከው። እየሳቅሁም እየተናደድኩም ወረድኩ።

ቀጥሎ እትዬ ከድጃ ሱቅ ገባሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምታውቀኝ ጎረቤታችን ናት። ችግሬን ስነግራት ጊዜ አላባከነችም፤ እጄን ይዛ ከሱቁ ኋላ ካለው መጋዘን፣ ከስኳሩ ጆንያ መሃል አስቀመጠችኝ። ፍሪጁ ሲያጉረመርም ነቀለችው። «ለስላሳው ይሞቅብሻል» ብላት «አንቺ ከምትቀዘቅዢ እሱ ይሙቅ» አለችኝ። ደንበኛ ሲመጣ ጣቷን አፏ ላይ እያደረገች በምልክት ትሸጥ ጀመር። አንዱ ዘይት ፈልጎ በምልክት ሲያስረዳ ያየሁትን መቼም አልረሳውም።

ጥሩ እየሄደልኝ ነበር። ልጨርስ ትንሽ ሲቀረኝ ከመስጊዱ አዛን ተጀመረ። እትዬ ከድጃ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ አለች። ፊቷ ላይ ሐዘንም ሳቅም አለ።

«ይህንንስ ከየት እነቅልልሻለሁ፣ ልጄ?»

ግንባሯን ሳምኳትና ወደ ቤት ሄድኩ። ጥጌ ላይ ተቀምጬ ያቋረጥኩትን ነጠላ አነሳሁ፤ ጫፉ በእንባ ጭልጭል አለብኝ። እናቴ አየችና «ምን ሆነሻል?» አለች። ደጋግማ ስትጠይቀኝ ፈነዳሁ። ስለ ጧ ጧው፣ ስለ እንጦጦ፣ ስለ አዛኑ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። በመጨረሻ «በቃ፣ ተውኩት! አልሆነልኝም! አባዬ ልክ ነው» አልኩ።

አባቴ እጁ ቆመ። «ጊዜው መች ነው የሚያበቃው?» አለ።

«አሥራ አንድ ሰዓት። አንድ ሰዓት ያህል ቢቀረኝ ነው። ተወው አባዬ፣ ሥራህን ሥራ።»

የጀመረውን ጥለት አየ። ከዚያ ሁለት እጁን መሬት ላይ ተክሎ እግሩን ከጉድጓዱ አወጣ። ጥምቀት ሲደርስ አባቴ በጠራራ ፀሐይ ከጉድጓድ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

«ተነሱ» አላቸው።

ጋሽ ጩፋ ደነገጡ። «እንዴ! ሴትዮዋ ማታ ትመጣለች እኮ! የሙሽራ ልብስ ነው!»

«ትምጣ። እኔ አነጋግራታለሁ። አንተ ያንን ጋቢ አቀብለኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል። ያለቀውን ጋቢ ሁሉ አውጥተው መስኮቱ ላይ፣ በሩ ላይ፣ ቆርቆሮው በሚንቀጠቀጥበት በኩል ሁሉ ሰቀሉት። ጋሽ ጩፋ ውጭ ወጥተው የጎረቤት ልጆችን ሲያባርሩ ከልጆቹ ይልቅ የሳቸው ድምፅ ነበር የሚረብሸው። እናቴ ዶሮዋን አቅፋ ወደ ጎረቤት ሄደች። ከዚያ ሁሉም ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ቤቱ ጭር አለ። በሕይወቴ ያንን ክፍል እንዲያ ጭር ብሎ አላውቀውም።

ስልኩን ፊቴ አስቀምጬ ጀመርኩ። አልሄድልሽ አለኝ! እሮጣለሁ፤ የማይቆምበት እቆማለሁ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ይንከባለላል። አቋርጬ እንደገና ጀመርኩ። ባሰብኝ። የማነበው የመብራት ኃይል ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። እነዚያ ሰዎች ሥራቸውን ጥለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው እያዩኝ እኔ አንድ አረፍተ ነገር መጨረስ አቃተኝ።

«ምን ሆንሽ?» አለ አባቴ፤ በቀስታ።

«አላውቅም አባዬ። የት እንደምቆም ጠፋብኝ። የት እንደምተነፍስ ጠፋብኝ።»

አባቴ ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ሲገባው ግን ይገባዋል። ዕድሜ ልኬን በነሱ ምት ላይ ስቆም፣ በነሱ ምት ላይ ስተነፍስ ኖሬ ለካ ምቱ ሲጠፋ እግር የለኝም። ተነሥቶ መጣና ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። ያንን ክር ሲያስር ሲፈታ የሻከረ መዳፉን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ቀሚሴ ላይ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ቀስ አድርጎ መታ መታ ያደርገው ጀመር። ልክ እንደ እንጨቱ። ይመታል፣ ይቆያል፣ ይመታል።

ካደግኩ ወዲህ አባቴ እንዲያ ነክቶኝ አያውቅም። ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመርኩ።

ሄደልኝ። ጣቢያው ታየኝ፤ መጥረጊያው ታየኝ። ልጁ መጥቶ «ማንም አይመጣም! ገባህ?» ሲል ጋሽ ጩፋ አፋቸውን ለመክፈት ሲቁነጠነጡ በዓይኔ ጫፍ አየኋቸው፤ አንደኛው ዝምተኛ በእጁ አፈናቸው። ከዚያ ሽማግሌው ለልጁ የሚመልስበት ቦታ ደረስኩ። «አውቃለሁ ልጄ። እኔስ መቼ ይመጣል አልኩ? ብቻ ምናልባት ቢመጣ፣ ሰው ቆሻሻ ላይ እንዲወርድ አልፈልግም» ይላል። እስከ መጨረሻው ቃል አነበብኩና ቀረጻውን አቆምኩ።

ዝቅ ብዬ ሳይ የአባቴ እጅ ጉልበቴ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። መምታት ካቆመ ቆይቷል። መቼ እንዳቆመ እኔም አላወቅኩም፤ እሱም አላወቀም፤ ታሪኩን እየሰማ ነበር። ላክሁት። ሰዓቱ ገና አልሞላም ነበር።

ውጤቱን ለመስማት የጥምቀት በዓል እስኪያልፍ ጠበቅሁ፤ ታቦት ስሸኝ እንኳን ስልኬን ጨብጬ ነበር። ሜሮን ደወለችና «መቼ ነው የምትጀምሪው?» አለችኝ። እልልታዬን ሰምታ እትዬ ከድጃ ከሱቋ ሮጣ መጣች። ሜሮን በኋላ ስንቀራረብ «የመጀመሪያው ላይ ታነቢ ነበር፤ ሁለተኛውን ግን ለሆነ ሰው ነበር የምትነግሪው። ለማን ነበር?» ብላኛለች። ዛሬ ይህ ሥራዬ ነው። በየቀኑ እሠራዋለሁ፤ የሚያቅተኝ ቀን አለ፤ አንዷን ገጽ ደጋግሜ አንብቤ ተበሳጭቼ የምወጣበት ቀን አለ። ያም ሆኖ ጠዋት ታክሲ ስሳፈር ደስ ይለኛል።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በፊት ሕልም ማለት የእኔና የፈጣሪ ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የተቀሩት ሰዎች ወይ በር የሚዘጉብኝ፣ ወይ አይሆንም የሚሉኝ ነበሩ። አባቴንም እዚያው መድቤው ነበር። እሱ ግን ሕልሜን አልጠላውም፤ እኔ ስዋረድ ማየት ነው የፈራው። ስለዚህ ምክር ከእኔ የምትሰሙ ከሆነ፣ የምትመኙትን ነገር ጓዳ ደብቃችሁ አትሞክሩት። የሚወዷችሁ ሰዎች እያዩ ሞክሩት፤ ሲያቅታችሁም ይዩዋችሁ። ደጋግሞ መነሣት ለብቻ የሚቻል አይደለም፤ እኔ ያን ዕለት ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል? ያነሡኝ እነሱ ናቸው። ሰው ሥራውን ፈትቶ ለእናንተ ዝም ካለላችሁ ደግሞ፣ ከዚያ በኋላ መተው የሚባል ነገር የለም፤ አፋችሁን ከፍታችሁ መጨረስ ነው።

የዚያን ዕለት ማታውን ሳልነግራችሁ ልቆም አልችልም። ነጋዴዋ መጣች። የሙሽራዋ ጥለት አላለቀም። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ እሰማለሁ። ሴትዮዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ምን ማለት ነው? ቃል ገብተህልኝ! እናንተ ሰዎች ሥራ አልነበራችሁም?» አለችው።

አባቴ ይቅርታ ጠየቃት፤ ጠዋት በማለዳ ራሱ ይዞላት እንደሚመጣ ነገራት። እሷ ግን አልበረደላትም። «ቆይ፣ ምን አጋጥሟችሁ ነው?»

«ምንም አላጋጠመንም» አለ አባቴ። «ልጄ ሥራ ላይ ነበረች።»